ሙታን የጠበቁት መሬት

ከባሕር ዳር ተነስቶ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ የፎገራን ሜዳ ከጨረሰ በኋላ አንድ ዓይነት ነገር ደጋግሞ ያያል። የታረሰ መሬት፣ የባሕር ዛፍ ረድፍ፣ እንደገና የታረሰ መሬት፤ ከዚያ ድንገት ጉብታ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ክብ። ከመሃሉ የቆርቆሮ ጣሪያና ጉልላት ብልጭ ይላል። ተሳፋሪው ያማትባል፣ ሾፌሩ የሙዚቃውን ድምፅ ቀነስ ያደርጋል፣ መኪናው ያልፋል። ብዙ ሳይሄድ ሌላ ክብ ይመጣል።

ያ ክብ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ማንም ያውቃል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ «የቤተ ክርስቲያን ደን» የሚለው ቃል ስለተለመደ፣ ክቡ የአገሩ የመጨረሻ ተፈጥሯዊ ደን እንደሆነም ብዙ ተነግሯል። ከሁለቱ ጋር አብሮ የማይነሳው ሦስተኛው ነገር ነው። ክቡ መቃብር ነው። ከጉና ሥር ያለ ገበሬ ስለ ደኑ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያነሳው የዛፉን ዓይነት አይደለም። «አባቴ እዚያ ነው ያለው» ይላል።

ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሳ ተራራ ነው። ጉማራና ርብ ከእርሱ ወገብ ተነስተው ጣና ይገባሉ። ፋርታ፣ እስቴ፣ ላይ ጋይንት በእግሩ ሥር ተኮልኩለዋል። ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ መሬቱ ደግሞ ከመቶ ዓመታት በላይ ያለ እረፍት የታረሰ አገር ነው። በደቡብ ጎንደር ዞን ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል የቆጠሯቸው የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከ1,000 በላይ ናቸው፤ አማካይ ስፋታቸው ግን 5 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው ርቀት በአብዛኛው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ቁጥር ለሥነ ምህዳር ባለሙያ አንድ ነገር ይነግረዋል፤ ሬሳ በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረዋል። ሁለት ኪሎ ሜትር ማለት ሰው እየተቀያየረ ተሸክሞ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ወይም ዝናብ ሳይመጣ ሊደርስበት የሚችል መንገድ ነው።

እንግዲህ አንድ ትንሽ የገጠር መቃብር ቦታ ታሪክ ይጻፍ ቢባል ከየት ይጀመራል? በሌላው ዓለም ሥራው ቀላል ነው። ድንጋዩ ላይ ስም አለ፣ የልደትና የሞት ዓመት አለ፤ ታሪክ ጸሐፊው ደብተሩን ይዞ በረድፉ መሃል ይመላለሳል። ጉና ሥር ያለ መቃብር ግን አይነበብም። የድንጋይ ክምር አለ፣ የእንጨት መስቀል የነበረበት ቀዳዳ አለ፣ ሣርና ቁጥቋጦ አለ። ሦስትና አራት መቶ ዓመት ሰው ሲቀበርበት በኖረ ግቢ ውስጥ ስም የተጻፈበት ድንጋይ ጥቂት ነው፤ ያለውም አብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት ትውልድ ዕድሜ የለውም።

ይህ ማለት ግን መዝገብ የለም ማለት አይደለም። መዝገቡ ሰው ነው። ቀባሪ ሲመጣ ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈር የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ወይም ቄሰ ገበዝ አይጠፋም።

«አባ፣ እዚህ ጋ ብንጀምርስ?» ይላል ዶማ የያዘው ወጣት።

«ተው ልጄ፣ እዚያ የአጎቶችህ ናቸው። ሰባትም አልሞላቸው ይመስል ትነካቸዋለህ እንዴ! ከወይራው ወደ ታች ሦስት እርምጃ ውረድ። እዚያ ያሉት የቆዩ ናቸው፤ ለቀውልሃል።»

«ለቀውልሃል» የምትለዋ ቃል ብዙ ትይዛለች። የቆየ መቃብር ሲቆፈር አጥንት ይወጣል። ቆፋሪው አይደነግጥም። አጥንቱን ሰብስቦ ከጉድጓዱ ጥግ ያኖረዋል፤ አዲሱ ሟች ይወርዳል፤ አሮጌውም አዲሱም አንድ አፈር ይለብሳሉ። አያትና የልጅ ልጅ፣ አንዳንዴም በሕይወት ሳሉ በድንበር የተካሰሱ ጎረቤታሞች፣ በአንድ ጉድጓድ ይገናኛሉ። ይህን ማንም መረበሽ ብሎ አይጠራውም። አምስት ሄክታር መሬት፣ ከዚያም አብዛኛው በዛፍ የተያዘ፣ አንድን ደብር ለዘመናት የበቃው በዚህ መንገድ ነው።

ነገሩን ከሩቅ አገር ጉዳይ ጋር ማስተያየት ይቻላል። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መናገሻቸው አድርገው ቆይተው፣ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከተማውን አቃጥለው፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። እዚያው በሚያዝያ ወር ሞቱ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዞች ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቱ አረፈ፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ ዊንዘር ቤተ መንግሥት በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። ዐፅሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ቀርቧል። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ በአጭሩ፣ እሱን ለማውጣት ሲባል አጠገቡ ያረፉትን ሌሎች ብዙዎች ማወክ ይመጣል የሚል ነበር። ይህ መልስ ለደጋ ሰው ጆሮ እንግዳ ነው። አባቱ ከተማ ዙሪያ ባሉ ደብሮች ዐፅም ሳይነካ የተቀበረ ሰው የለም። የአንዱ መምጣት ለሌላው ማወክ ሳይሆን መጠጋጋት ነው። ዊንዘር ላይ ግን ቦታ የያዘ ቦታውን ይዟል።

የመቃብር እኩልነትን ማሞገስ ግን ሲበዛ ውሸት ይሆናል። ግቢው ውስጥም ደረጃ ነበር፤ አለም። ካህናቱና ባለ ርስቱ ወደ ሕንፃው ቀረብ፣ ተራው ገበሬ ራቅ፣ ስደተኛውና ዘመድ የሌለው ወደ አጥሩ። ፍትሐት የማይደረግለት፣ ለምሳሌ ራሱን ያጠፋ ሰው፣ ከግቢው ውጭ ይቀር ነበር። ቀጥቃጩና ፋቂው «ቡዳ» እየተባለ በሕይወቱ ከሰው ተገልሎ እንደኖረ ሁሉ፣ ሲሞትም ዳር የሚሰጠው ጊዜ ነበር። አንድ ማኅበረሰብ ማንን ሰው ብሎ እንደቆጠረ ለማወቅ ከመቅደሱ እስከ አጥሩ ያለውን ርቀት መለካት ይበቃል። የሚገርመው ከደብረ ታቦር አቅራቢያ ያለችው ጋፋት የአገሪቱ ትልቁ መድፍ የተቀለጠባት ቦታ መሆኗ ነው፤ ንጉሡ ብረት አቅላጩን ሲያከብሩት አገሬው ግን ገና አላመነውም ነበር።

ሙስሊሙ ደግሞ የራሱ መቃብር አለው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አፈሩ ከፍ ተደርጎ፣ ጥቂት ድንጋይ በራስጌና በግርጌ ተተክሎበት። በእስልምና ሥርዓት መቃብር ላይ መገንባት ስለማይወደድ ያ ቦታ ዛሬም አፈርና ሣር ነው። ይህች ነጥብ ወደ ኋላ ስለምታስፈልግ ትቆይ።

ደኑን የጠበቀው ማን ነው? የተለመደው መልስ «ሃይማኖት» ነው፤ እውነትም ነው። ታቦቱ ያለበት ቦታ እንደ ኤደን ገነት ዛፍ ሊለብስ ይገባል የሚል እምነት አለ። ነገር ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የቤተ ክርስቲያን ሰፊ የእርሻ መሬት ተወስዶ ለገበሬ ተከፋፈለ። ሃይማኖቱ ያው ነበር፤ ሲሶውም ሰሞኑም ሄደ። ሳይነካ የቀረው ግቢው ነበር። የመሬት ጥማት በዚያ በበረታበት ዘመን፣ የአንድ ጥማድ መሬት ድንበር ሰው በሚያገዳድልበት አገር፣ አምስት ሄክታር ለም አፈር መሃል ላይ ተቀምጦ ማንም በሬ ጠምዶ አልገባበትም። ታቦቱን መፍራት አንድ ነገር ነው። የእናትን መቃብር ማረስ ሌላ ነው። ካድሬውም ቢሆን እናት ነበረችው።

ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ ያልታሰበ ሰነድ አለ። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶግራፎች በማኅደር ተቀምጠው ቆይተው፣ ተመራማሪዎች ከ2015ቱ የሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተዋቸዋል። መንግሥት በተደጋጋሚ ተለዋውጧል፣ የሕዝቡ ቁጥር በብዙ እጥፍ አድጓል፤ ክቦቹ ግን በአብዛኛው እዚያው ናቸው። የተለወጠው ዙሪያቸው ነው። በፊት ከደኑ ውጭ የነበረው ቁጥቋጦ ተመንጥሯል፤ ባሕር ዛፍ ገብቷል። ክቡ ስለቱ እንደ ቢላ የጠራ ሆኗል፤ ከዛፉ አንድ እርምጃ ቢወጣ ማረሻ ነው።

ተመሳሳይ ታሪክ ጭራሽ ባልተጠበቀ ቦታ ይገኛል፤ በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ። ያ አገር በአንድ ወቅት ሰው የሚውጥ የሣር ባሕር ነበር፤ ፕሬሪ ይሉታል። ኢሊኖይ የተባለው ግዛት ብቻ 9 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ፕሬሪ ነበረው። በ1830ዎቹ የብረት ማረሻ መጣ፤ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ሁሉም ወደ በቆሎ ማሳ ተለወጠ። ከዚያ ሁሉ ሳይነካ የቀረው ከመቶ እጅ አንድ እጅ ቢባል ብዙ ነው፤ ከአሥር ሺህ አንድ እጅ ያህል ነው። የቀረው የት ነው? በባቡር ሐዲድ ዳርና በመቃብር። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ሙታናቸውን ለመቅበር ያጠሩት ቁራሽ መሬት ስላልታረሰ፣ የጥንቱ ሣርና አበባ ከነሥሩ እዚያ ቀረ። አይዋ ውስጥ ሮቸስተር የምትባል ትንሽ መንደር መቃብር በ13 ኤከር ላይ ወደ 400 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች ይዛለች። 13 ኤከር 5 ሄክታር ገደማ ነው፤ ልክ እንደ አንድ የፋርታ ደብር።

አልዶ ሊዮፖልድ የተባለው የደን ሊቅ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1949 በታተመ መጽሐፉ ስለ አንዲት የዊስኮንሲን የገጠር መቃብር ጽፏል። በመቃብሯ ማዕዘን ላይ ማጭድ ያልደረሰባት አንዲት የፕሬሪ አበባ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ትፈነዳ ነበር፤ አንድ ቀን የመንገድ ሠራተኞች አጥሩን አንስተው አበባዋን አጨዷት። በሮቸስተርም ጉዳዩ ዛሬም አከራካሪ ነው። ገሚሱ «የአያቶቻችን መቃብር አረም ዋጠው፤ ይታጨድ» ይላል፤ ገሚሱ «አረም የምትሉት አያቶቻችሁ ሲመጡ ያገኙት ነው» ይላል። ሁለቱም ሙታኑን የሚያከብሩ ይመስላቸዋል፤ እውነታቸውንም ነው።

የጉና ሥር ደብሮችም ያው ክርክር ደጃቸው ደርሷል፤ የእኛው ግን በማጭድ ሳይሆን በሲሚንቶ ነው።

ላለፉት ሁለትና ሦስት አሥርት ዓመታት የገጠር መቃብር መልክ ተቀይሯል። ልጅ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ይሄዳል፤ ይሠራል፤ አባት ሲሞት ይመጣል። ለአባቱ በሕይወት ሳለ ያላደረገውን ሁሉ በአርባው ቀን ሊያደርግ ይፈልጋል። ብሎኬት፣ ሲሚንቶ፣ የአሸዋ መኪና፣ ከባሕር ዳር የተቀረጸ እምነ በረድ፣ የተለበጠ ፎቶግራፍ፣ በላዩ የቆርቆሮ ክዳን፣ ዙሪያውን የብረት አጥር። ያ ሐዘን የእውነት ነው፤ ሊሾፍበት አይገባም። ግን ቦታው ከዚያ ቀን በኋላ «አይለቅም»። ሲሚንቶ የለበሰ መቃብር ለማንም ቦታ አይሰጥም። መሠረቱ ሲቆፈር የወይራው ሥር ይቆረጣል፤ እንዳይጥልበት ተብሎ ቅርንጫፉ ይመለመላል፤ ከሥሩ ችግኝ አይበቅልም። አንድ ሆኖ ቢቀር ግድ የለም። ጎረቤት ግን «የእኔ አባት ከማን ያንሳል?» ይላል። በዛፍ መሃል የተጀመረው የቤት መንደር የሚመስል ነገር በጥቂት ዓመት ውስጥ ደኑን ከውስጥ ይበላዋል። ማረሻ በውጭ በኩል ያልደፈረውን ክብ፣ አክብሮት ከውስጥ እየገባበት ነው። እስላሙ ጎረቤት ከዚህ ፈተና ያመለጠው ሥርዓቱ አስቀድሞ ስለከለከለው ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ገንዘብ ነው። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ሰበካ ጉባኤን አቋቋመ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ መሬቱ ሲወሰድ ደብሩ የምእመናን መዋጮ ላይ ወደቀ። የገጠር ቄስ ራሱ ገበሬ ነው፤ ደመወዙ ተብሎ የሚጠራው ነገር የሚያሳፍር ነው። ጣሪያው ሲያፈስ፣ ምንጣፉ ሲበላ፣ ከከተማ የመጣ ልጅ «ለአባቴ ሐውልት ቦታ ስጡኝ፤ ለደብሩም ይህን ያህል አዋጣለሁ» ሲል እምቢ የሚል ሰበካ ጉባኤ ብርቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይኸው መንገድ እስከ መጨረሻው ተሄዶበት ፉካ ላይ ተደርሷል፤ ሙታን እንደ መደርደሪያ ዕቃ ግድግዳ ውስጥ ተደራርበው፣ ቦታውም በገንዘብ። ገጠሩ ገና እዚያ አልደረሰም።

ሌላ መንገድ መኖሩን ያሳየ ሰው ደግሞ አለ። አብዛኛው አንባቢ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን የሚያውቀው በ«እመጓ» እና በ«ዝጎራ» ነው። ሙያው ግን የደን ሥነ ምህዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ ቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በእነዚሁ ደኖች ላይ ነበር፤ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን ዞሮ 168 የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያዎችን መዝግቧል። ያገኘው አሳሳቢ ነገር ትልልቆቹ ዛፎች መኖራቸውን ሳይሆን ልጆቻቸው አለመኖራቸውን ነው። ከብት ገብቶ ችግኙን ይግጣል፣ አፈሩን ይረግጣል፤ ጥዱ ይቆማል፣ ምትክ ግን የለውም። ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው መላውን ከካህናቱ ጋር መከሩ። መላው ከሩቅ አልመጣም፤ የድንጋይ አጥር ነው። ገበሬው ከማሳው ለቅሞ የሚጥለውን ድንጋይ ተሸክሞ ደኑን ከበበበት። ማሳው ድንጋይ ቀነሰለት፣ ደኑ ከብት ቀነሰለት። በዣራና በደብረ ሰና ይህ ተሠርቶ ከአጥሩ ውስጥ ችግኝ ተነሳ። ለድንጋዩ ዋጋ የከፈለ የለም።

ልብ ይሏል፤ አጥሩ ሲሠራ መቃብሩም ታጠረ። ከብት በእናቱ ላይ መሄዱ የሚያንገበግበው ገበሬ ድንጋይ ለመሸከም ስለ ብዝኃ ሕይወት ትምህርት አላስፈለገውም።

አጥር የማያግደው ግን መጣ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንትን ይዞ ጉና ሥር ደረሰ፤ ከባድ መሣሪያ ደብረ ታቦር ከተማ ላይ ወድቆ በየቤታቸው የነበሩ ሰዎችን ገደለ። ወሩ የደብረ ታቦር በዓል ወር ነበር፤ ልጆች ጅራፍ የሚያጮሁበት፣ ከተማዋ በስሟ የምትደምቅበት። ከዚያ ወዲህም ክልሉ ሰላም አላገኘም። ጦርነት ለመቃብር ታሪክ የሚያመጣው አንድ ልዩ ነገር አለ፤ ሰው ባለበት ይቀበራል። መንገድ ሲዘጋ ሬሳ ወደ አገሩ አይሄድም። ከወንዝ ማዶ የሞተ ልጅ ከወንዝ ማዶ ይቀራል፤ ባልንጀሮቹ በጨለማ ቆፍረው፣ ምልክት ድንጋይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። የአባቱ ደብር ውስጥ ከወይራው በታች ለእሱ ይሆን የነበረው ቦታ ባዶውን ይቀመጣል። እናት ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ትቀመጣለች፤ አርባውን ታወጣለች፤ ተዝካሩንም። የቀረው ቦታ ነው፤ ለዓመት በዓል ሲሄዱ እግር የሚቆምበት ቦታ።

ስም የሌለው መቃብር በሰላም ጊዜ ችግር አልነበረበትም፤ ምክንያቱም የሚያስታውስ ሰው በአጠገቡ ይኖር ነበር። አሁን የሚያስታውሰው ይሰደዳል፣ ይፈናቀላል፣ ወይም ቀድሞ ይሞታል። «ከወይራው ወደ ታች ሦስት እርምጃ» የሚሉት ሽማግሌ አንድ ናቸው። እሳቸው በተቀበሩ ማግስት የግቢው ካርታ አብሯቸው ተቀብሯል።

ለዚህ ሲሚንቶ መፍትሔ አይደለም፤ ዝምታም አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ሙታንን በስም ታስባለች፤ በፍትሐት ጊዜ የክርስትና ስማቸው ይጠራል። ዲያቆናቱ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። ባለ መቶ ገጽ ደብተር ከማንኛውም የገበያ ሱቅ ይገኛል። የክርስትና ስም፣ የዓለም ስም፣ የአባት ስም፣ ያረፈበት ቀን፣ ከየትኛው ዛፍ ምን ያህል እርምጃ። ባሕር ማዶ ሄዶ ያልተመለሰውና ሬሳው ያልመጣውም እዚያው አንድ መስመር ይገባዋል። ከከተማ የሚመጣው ልጅ የአባቱን ስም በእምነ በረድ ላይ ማየት ካማረው፣ ገንዘቡን ለድንጋይ አጥሩ ሰጥቶ ስሙን በመዝገቡ ቢያገኘው ደብሩም ደኑም አይጎዱም። ይህን ለመጀመር ከወረዳ ደብዳቤ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአንድ ዲያቆን ጋር ግቢውን መዞር ነው።

ቀብር ሲያበቃ ዶማና አካፋ ዛፍ ላይ ይደገፋል። ሰው እጁን ይታጠባል፣ ንፍሮ ይዘገናል፣ ለቀስተኛው ወደ ሐዘን ቤት ቁልቁል ይወርዳል። ሽማግሌው ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ በምርኩዛቸው ከጥዱ ሥር ያለውን ሣር ነካ ነካ እያደረጉ።

«አባ፣ ምን ጠፋብዎት?» ይላቸዋል ወጣቱ።

«ምንም። እዚህ ጋ እናቴ ናት። ከእሷ ወደ ምሥራቅ ያለችውን ለእኔ ያዝልኝ።»

ወጣቱ ቦታውን በዓይኑ ይለካል፤ ከጥዱ አራት እርምጃ፣ ከአጥሩ አሥር።